እምቦጭ በአገሩና በእኛ ዘንድ፤ ከአማዞን ዳርቻ እስከ ርብ መድረሻ

ወረታ መናኸሪያ የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አጠገቤ በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለችውን ዓሣ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ የተቀመጠች ሴት ነበረች። ቆሮሶና ጥቂት አምባዛ ይዛ ወደ ደጋ ልትሸጥ እየወጣች ነው። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ሽፍታ አውጥቷል። ምን እንደነካት ስጠይቃት «እምቦጭ ስንነቅል ነዋ» አለችኝ። ጋዜጠኛ መሆኔን በጨዋታችን መሐል ስትሰማ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እስቲ አንተ የተማርኸው ንገረኝ ወንድሜ። ይሄ እምቦጭ አገሩ የት ነው? በአገሩስ ሰዉ ምን ያደርገዋል?»

አገሩ አማዞን ነው አልኋት። ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ተሳፍሮ ደብረ ታቦር ገባ፤ ከዚያም ወዲህ አልለቀቀኝም። ጣና ሐይቅን ስለወረረው የእምቦጭ አረም ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተዘምቷል፣ ብዙ ገንዘብ ተዋጥቷል። በተወለደበት ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች ከእርሱ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ግን ሲነገር አልሰማሁም። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ።

ንባቡ መጀመሪያ የወሰደኝ ፑዌርቶ ናሪኞ ወደምትባል ትንሽ የኮሎምቢያ ከተማ ነው። ሎሬቶያኩ የሚባለው ገባር ከአማዞን ጋር ሊገናኝ ሲል ዳር ላይ ተቀምጣለች። የመኪና መንገድ አይደርስባትም፤ ከሌቲሲያ ከተማ ተነሥቶ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ወንዙን ሽቅብ መጓዝ ያስፈልጋል። በመንገዶቿ ላይ መኪናም ሞተር ብስክሌትም አይሄድም፤ ሰው በእግሩ ነው። የቲኩና፣ የኮካማና የያጉዋ ሕዝቦች አገር ናት። በአቅራቢያዋ ታራፖቶ የሚባሉ ሐይቆች አሉ፤ ሮዝ መልክ ያለው የወንዝ ዶልፊን ይኖርባቸዋል፤ ዓሣ አጥማጆቹም በየትኛው ቦታ በምን ዓይነት መረብ እንደሚጠመድ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ይጠብቋቸዋል።

በዚያ አገር ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ቤቱን በረጃጅም ቋሚ እንጨት ላይ ይሠራል፤ ወይም በግንድ ላይ አንሳፍፎ ያስረዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብራዚል ውስጥ ተፌ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ማሚራዋ የሚባል ጥብቅ ሥፍራ አለ፤ እዚያ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በየዓመቱ ከ10 ሜትር ይበልጣል። የሦስት ፎቅ ቤት የሚውጥ ውሃ በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱ ይሄዳል። በሙላት ጊዜ ሰዉ በዛፎች ጫፍ መካከል በታንኳ ያልፋል፤ ሲጎድል ደግሞ ውሃው ጥሎለት በሄደው ደለል ላይ ካሳቫና በቆሎ ይዘራል። የእኛ የጣና ዳር ሰው ባህር ሽሽ እያለ ውሃው በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

እምቦጭ የዚህ ውሃ ተወላጅ ነው። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ፎን ማርቲዩስ ከብራዚል ጉዞው ተመልሶ በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ አስመዘገበው። በአገሩ ሲታይ ከሌሎች ተንሳፋፊ ሣሮችና ቅጠሎች ጋር ተቀላቅሎ የሚኖር እንጂ ብቻውን ውሃውን የሚገዛ አይደለም። ማናቲ የሚባለው ግዙፍ የውሃ እንስሳ ይግጠዋል። ሁለት ዓይነት ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ቅጠሉን ይፍቃሉ፣ ዕጫቸውም ግንዱን እየሰረሰረ ያበሰብሰዋል። ውሃው ሲጎድል እንደ ምንጣፍ የተዘረጋው አረም ደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ ይሞታል፤ በወንዙ ላይ የቀረውን ደግሞ ጅረቱ እየገፋ ወደ አትላንቲክ ያወርደዋል፣ ጨዋማው ውሃም ይገድለዋል። የዚያች ሴት ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በአገሩ ሰዉ ምንም አያደርገውም። አውሬው፣ ነፍሳቱና የወንዙ ሙላትና ጉድለት ተጋግዘው ይይዙታል።

እዚህ ላይ ቢቆም ነገሩ ዘወትር የምንሰማውን ያጸናል፤ ጠላት የሌለው መጤ አረም መጣብን፣ እንንቀለው፣ ጠላቱንም እናምጣበት። ዳሩ ግን በንባቤ መሐል አንድ የሱሪናም ታሪክ አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በቀድሞው ዓይን ማየት አልቻልሁም።

ሱሪናም ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ናት። እምቦጩም፣ ጢንዚዛውም፣ ሁሉም እዚያው አሉ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የብሮኮፖንዶ ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ሰፊ ደን ሰጠመ። የሰጠመው ደን እየበሰበሰ ውሃውን በምግብ ሞላው፤ ይፈስስ የነበረውም ወንዝ ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ እምቦጭ የዚያን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግማሽ ያህል ሸፈነ። በገዛ ቀዬው፣ ጠላቶቹ ባሉበት! ከአውሮፕላንና ከጀልባ መድኃኒት ተረጨበት። ይህ እንደሚያሳየው አረሙ የሚያብደው መጤ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲቆምለትና ምግቡ ሲበዛለት በአገሩም ያብዳል።

ስለዚህ ስለ ጣና መጠየቅ ያለብን ማን አመጣው የሚለውን ብቻ አይደለም። ማን ነው የሚመግበው?

ማን አመጣው ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ እምቦጭ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሱዳኖች በነጭ አባይ ላይ ከዚያ ቀድመው አይተውታል። ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተወረረ። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በመገጭ ወንዝ መድረሻ በደምቢያ በኩል ታየ፤ ከዚያም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እየዞረ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ፎገራ መጣ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግበው አረሙ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

የሚመግበው ግን ይታወቃል። ጣና ከሚገባለት የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ከአራቱ ሁለቱ ርብና ጉማራ ከእኛው ከጉና ተራራ ይነሣሉ። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና 1,786 ሜትር ላይ ይተኛል። ርብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከአማዞን ጋር ሲተያይ ነገሩ ይገርማል። ኢኪቶስ የምትባለው የፔሩ ከተማ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ወንዙ ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው በዚያች ቁልቁለት ነው። ርብ እንደ ደረጃ እየዘለለ ይወርዳል፤ ያገኘውንም አፈር ጠርጎ ይሄዳል።

ጉናን ያየ ሰው አፈሩ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። ድሮ ጓሳና አስታ የነበረበት ቁልቁለት ዛሬ ድንችና ገብስ ነው። የፋርጣ ወረዳ ገበሬ ወዶ አይደለም፤ መሬቱ ጠቧል፣ ልጆቹ በዝተዋል፣ የደከመው አፈርም ያለ ማዳበሪያ አያበቅልለትም። ማዳበሪያው ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ ሐምሌ ደግሞ ዝናሙ የሚበረታበት ወር ነው። የሚታጠበው አፈር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ አብሮ ይወርዳል፤ እምቦጭ የሚፈልገውም እርሱኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 (እ.ኤ.አ.) በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 ቤተ ክርስቲያኖች ዙሪያ ያለውን ደን የመረመረ ነው፤ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረውበታል። በአማዞንና በሌሎች ሞቃት ደኖች የዛፍ ጫፍ ላይ እየወጣች በማጥናት ስሟ የታወቀው አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከእርሳቸው ጋር ወዳጅነት ፈጥራ በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ገንዘብ አሰባስባለች። ካቡን የሠራው ምእመኑ ነው፤ ድንጋዩንም ከእርሻው ላይ ለቅሞ ነው ያመጣው። በፋርጣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሞ ከካቡ ወዲህና ወዲያ ያለውን አፈር በእጁ የዘገነ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ወዲህ ጥቁርና እርጥብ ነው። ወዲያ ድንጋይና አቧራ። የደጋ ሰው አፈር መያዝ አያውቅም የሚለኝ ቢኖር ወደዚያ እወስደዋለሁ።

ከጉና በርብና በጉማራ የሚወርደው መጀመሪያ የሚደርሰው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ፎገራ ጎርፍን አያውቀውም የሚል የለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። በሌላ በኩል ሜዳው በዚሁ ጎርፍ ኖሯል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ለጅግናና ለሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አሳዩ፤ ውሃ የሚተኛበትና ሌላ እህል የማይሆንለት መሬት ሩዝ ሆነለት። ዛሬም ገበሬው የሚወደው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ወረታም የብሔራዊ ሩዝ ምርምር ማዕከል ቤት ሆናለች። የፎገራ ሰው ጎርፍን ወደ እንጀራ መለወጥ የቻለ ሰው ነው። ለእኔ ከአማዞን የሙላት ዳር ገበሬ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው።

የማያመሳስለው የውሃው መውጫ ነው። አማዞንም ደለል ያመጣል፤ ከአንዲስ ተራሮች ያመጣል፤ የዳርቻው ለምነትም ከዚያ ነው። ነገር ግን ይዞት ያልፋል። ጣና መግቢያው ብዙ፣ መውጫው አባይ ነው። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ባሕር ዳር ላይ ተሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ ውሃ መቅዳት ጀመረ። የሐይቁ መሙላትና መጉደል ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ ነው። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ደለሉ ዳር ዳሩን ይሞላል፣ ውሃው እዚያ ይሞቃል፣ ይቆማል። እምቦጭ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል።

ከርብ መድረሻ አጠገብ በአንድ የፎገራ ቀበሌ ያገኘኋቸው አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ደንገሉን ራሳቸው አጭደው ታንኳ ያሥራሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ዘመቻው ስጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኛ አንገታችን ድረስ ገብተን እንነቅላለን። አልቅት አለ፣ እባብ አለ። የነቀልነውን ዳር እንከምራለን። ክረምት ውሃው ይመጣና ክምሩን መልሶ ይወስደዋል። በመስከረም እንደገና ኑ ይሉናል። እንደገና እንገባለን።»

አረሙን ለማስወገድ የመጡት ማሽኖችስ? አልኋቸው።

«መጡ። አየናቸው። ጥልቁ ላይ ይሠራሉ፤ እኛ ጋ ጭቃው ይይዛቸዋል። ተበላሹ ሲባል ደግሞ ዕቃቸው ከውጭ ነው ይላሉ። አረሙ ዕቃ አይጠብቅም።»

እምቦጭ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ምሥራቅ፣ ጉና ወዳለበት አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ርብ ሲሞላ እኔ ውሃውን አሸተዋለሁ። የማዳበሪያ ሽታ አለው። ድሮ እኔ ልጅ ሳለሁ ዓሣው በክረምት ርብን ሽቅብ ይወጣ ነበር፣ ጠጠር ላይ ሊወልድ። አሁን ጠጠሩ የለም፤ ጭቃ ነው። የደጋ ሰው አፈሩን ላከልን፣ ማዳበሪያውን ላከልን። ቃል ግን ልኮብን አያውቅም። እኛም አልላክንበትም። አንድ ውሃ ነው የምንጠጣ፤ አንተዋወቅም።»

ባለሙያዎችም ከዚህ የተለየ አይሉም። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርቦ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ወጥተው በጠጠራማ ወራጅ ውሃ ውስጥ ዕንቁላል ይጥላሉ። አዛውንቱ ያነሡልኝ ዓሣ ማለት ነው።

ከፎገራ ከተመለስሁ በኋላ ነገሩ የሚመለከተው ነው ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ ለእምቦጭ ከሚመደበው ገንዘብ ውስጥ ወደ ጉና ቁልቁለት የሚወጣ አለ ወይ? ኃላፊው በትሕትና ተቀበሉኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። «የተፋሰስ ሥራ የሌላ ክፍል ነው» አሉኝ። ያ ክፍል የት እንደሆነ ስጠይቅ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳስገባ ነገሩኝ። አስገባሁ። ደጋግሜ ደወልሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። ይህ ጽሑፍ እስከተጠናቀቀበት ድረስ መልስ አልደረሰኝም።

ለዘመቻው ክብር አለኝ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር ያህል ገበሬው፣ ተማሪው፣ ከየከተማው የመጣው ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል የሰነበተው ሐይቁን ስለሚወድ ነው፤ ከውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለማሽን ያዋጡትም እንዲሁ። ያን ፍቅር አንስቶ መጣል ነውር ነው። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚነቀለው ዛሬ የሚታየው ነው፤ የሚበቅለው ግን ደለሉ ውስጥ የተኛው ነው፤ ደለሉም በየክረምቱ ይጨምራል።

ጢንዚዛዎቹን የሚያነሡ አሉ። ኡጋንዳና ኬንያ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ አሜሪካ የመጡትን ሁለቱን ዝርያዎች ቪክቶሪያ ላይ ለቀቁ፤ በዓመታት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀነሰ። የዚያን ጊዜው ከባድ ዝናምና ማዕበል ነው የረዳው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በኬንያ በኩል ባለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ፣ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ምግብ በሚበዛበት፣ ተመልሶ መጣ። ጢንዚዛው አልሞተም፤ አረሙ ግን ከበላተኛው በላይ የሚያድግበትን አገኘ። ጢንዚዛ ይምጣ አይምጣ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከሩ፤ እኔ የምጠይቀው ከቪክቶሪያ ምን እንደተማርን ነው።

በጉናና በሐይቁ መሐል የርብ ግድብ አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ከታሰበለት ጊዜ በላይ ወስዶ የቆመው ይህ የአፈር ግድብ ከፍታው ከ70 ሜትር በላይ ነው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። የተሠራው ለመስኖ ነው። ከላይ የሚመጣውን ደለል በከፊል ይይዛል፤ ስለዚህ ዕድሜው የሚለካው ጉና ላይ በሚሠራው እርከን ነው። ከግድቡ በታች የሚገቡት ገባሮችና የጉማራ ውሃ ግን ምንም የሚያግዳቸው የለም።

እምቦጭ የሚያደርሰው ሌላው ጉዳትም ብዙ ነው። የአረሙ ምንጣፍ በጎርፍ ተንሳፍፎ ሩዙ ላይ ይተኛል። ግጦሹን ይሸፍናል፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ቀድሞውንም በሩዝ የተጣበበባት መስክ በእርሱ ይበልጥ ይጠብባታል። ከሥሩ ያለው ውሃ አየር ያጣል፣ ዓሣው ይሸሻል። ኑሮው ሲጠብበት ወጣቱ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አረማ ይሄዳል። ከዚያ ቆላ የሚመለስ ሠራተኛ ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ሊቦ ከምከም ታውቃለች፤ በ1997 ዓ.ም. በመጀመሪያ ወባ መስሎ ታይቶ ብዙ ሰው የገደለው ካላዛር የሚባል በሽታ እንዲህ ባለ ጉዞ እንደመጣ ነው ሐኪሞች የሚያምኑት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ለነቀላ ሰው አሰባስቦ ሐይቁ ዳር ማውጣት እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ደብረ ታቦር ላይ ሆኜ የምጽፈው ስለ ሌላ ሰው ሐይቅ አይደለም። ከቤቴ ደጅ በክረምት የሚሮጠው ጎርፍ ቀይ ነው፤ የሚሄድበትን አውቃለሁ። የፎገራን ሰው አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ከማስገባት በፊት ፋርጣ ላይ እርከን ለሚሠራው፣ ገደሉን ሣር ለሚያለብሰው፣ ማዳበሪያውን አፈር ውስጥ ቀብሮ ለሚዘራው ገበሬ ገንዘቡ ሊደርሰው ይገባል። ቁልቁለቱን ሳያርስ ለሚተው ቤተሰብ የሚበላው ነገር ሊሰጠው ይገባል፤ ባዶ እጁን ተው ማለት አይቻልም። ይህም በአንድ ወር ዘመቻ የሚያልቅ አይደለም።

አዛውንቱን ስሰናበታቸው፣ የፋርጣ ገበሬዎችና የፎገራ ዓሣ አጥማጆች አንድ ላይ ቢቀመጡ ይመጡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ይጥሩኝ» አሉ። «አበል አልፈልግም። የመኪናውን ራሴ እከፍላለሁ። ታንኳ የሚያህል ደለል ይዤ እሄድና ይሄ የማን ነው እላቸዋለሁ።»

ከወረታ ደብረ ታቦር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስብሰባውን የዞኑ ግብርና፣ የሐይቁ ኤጀንሲ ወይስ የተፋሰሱ ክፍል ይጥራው የሚለው ግን ገና አልተለየም።